ሞተሩ ተቀየረ፣ ወንበሩስ?

ባለፈው ሳምንት አንድ ጠዋት መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነበር። ሰልፉ አይንቀሳቀስም። መንገዱም አይንቀሳቀስም። አንድ ነገር ግን ልብ አልኩ። ዓይኔ አልተቃጠለም፣ ጉሮሮዬም አልከረከረኝም። ከፊቴ ከቆሙት የቤት መኪኖች ብዙዎቹ የኤሌክትሪክ ናቸው። ድምፅ የላቸውም፣ ጭስ የላቸውም። ከአምስት ዓመት በፊት እዚያው ቦታ ላይ አፍንጫዬን በመሐረብ ይዤ ነበር የምቆመው።

ጊዜ ለመግፋት መቁጠር ጀመርኩ። በአጠገቤ ካለፉት 20 የኤሌክትሪክ መኪኖች በ16ቱ ውስጥ ያለው ሹፌሩ ብቻ ነው። የቀሩት ወንበሮች ባዶ ናቸው። በመሃል አንድ ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ እያቃሰተ መጣ። ማርሚታው ጥቁር ጭስ ይተፋል። ውስጡ ጢም ብሎ ሞልቷል። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ንጹሑ መኪና አንድ ሰው ይዞ ቆሟል፤ ጭሳሙ 15 ሰው ይዞ ከጎኑ ቆሟል።

የ20 መኪና ቆጠራ ጥናት አይባልም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣም። ኢትዮጵያ መኪናን ከአየሩና ከአካባቢው ጋር ለማስታረቅ ትልቅ እርምጃ ወስዳለች። እርምጃው ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፣ ለምን እንደማምንም እዚህ እዘረዝራለሁ። ግን የተጀመረው ከቤት መኪናው ነው። ከተማውን ተሸክሞ የሚውለው ሚኒባስ ገና ወረፋው አልደረሰውም።

እንዴት እዚህ ደረስን

በጥር 2016 ዓ.ም የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዶ/ር ዓለሙ ስሜ፣ የኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ ተናገሩ። የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና ከውጭ እንዳይገባ በመከልከል ኢትዮጵያ ከዓለም የመጀመሪያዋ ሆነች። በዚህ ነገር ሁሌም በምሳሌነት የምትጠራው ኖርዌይ እንኳ የሄደችው በክልከላ ሳይሆን በቀረጥ ነው። እዚያ በ2024 እ.ኤ.አ. ከተሸጡት አዲስ መኪኖች 89 በመቶ ያህሉ የኤሌክትሪክ ነበሩ።

ዜናው ለብዙ ሰው ዱብ ዕዳ ነበር። መንገዱ ግን ቀደም ብሎ ተጠርጓል። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2014 ዓ.ም ደግሞ የገንዘብ ሚኒስቴር የኤሌክትሪክ መኪኖችን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይስና ከሱር ታክስ ነፃ አደረገ። የጉምሩክ ቀረጡም ወረደ። ሙሉ በሙሉ ተገጣጥሞ ለሚገባ 15 በመቶ፣ በከፊል ተገጣጥሞ ለሚመጣ 5 በመቶ፣ ተበታትኖ መጥቶ እዚህ ለሚገጣጠም ዜሮ ሆነ።

ስለ አሮጌ መኪና አንድ ነገር ማንሳት አለብኝ። ለአሥርተ ዓመታት እኛ የሌሎች አገሮች ማራገፊያ ነበርን። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እንዳወጣው ከ2015 እስከ 2018 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት ብቻ ከአውሮፓ፣ ከአሜሪካና ከጃፓን 14 ሚሊዮን ያገለገሉ ቀላል መኪኖች ወደ ሌላ አገር ተልከዋል። 80 በመቶው የሄደው ወደ ድሃና መካከለኛ ገቢ ወዳላቸው አገሮች ነው። እዚያ «ለአካባቢ አይመችም» ተብሎ ከመንገድ የወጣው መኪና እዚህ መጥቶ ሌላ 20 ዓመት ይሠራል። አንድ ሐሙስ የቀረው መኪና በዱባይ በኩል ዞሮ ይመጣና የቤተሰብ ትልቁ ንብረት ይሆናል። ማንንም አልወቅስም። ሰው የገዛው አቅሙ የፈቀደለትን ነው። ጭሱን የሚተነፍሰው ግን የኛው ልጅ ነው።

መንግሥትን ወደ ክልከላው የገፋው አየሩ ብቻ አይደለም። ዶላሩ ነው። የምናቃጥለው ቤንዚንና ናፍጣ በሙሉ ከውጭ ይመጣል። በየዓመቱ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ይወጣበታል። በ2014 ዓ.ም መጨረሻ አካባቢ የነዳጅ ድጎማው እየተነሳ መሄድ ሲጀምር አንድ ሊትር ቤንዚን 47 ብር ከ83 ሳንቲም ነበር። በ2016 ሐምሌ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። በ2017 ዓ.ም ታኅሣሥ መጨረሻ ቤንዚኑ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ገባ፣ ከዚያም ወዲህ መውጣቱን አላቆመም። ማደያ ላይ ግማሽ ቀን ተሰልፎ የሚያውቅ ሰው የኤሌክትሪክ መኪና ለምን እንደተወደደ ማስረጃ አያስፈልገውም። ዛሬ ከ100 ሺህ በላይ የኤሌክትሪክ መኪኖች አገር ውስጥ እንዳሉ መንግሥት ይናገራል። በአገሪቱ ያለው ተሽከርካሪ በጠቅላላ 1.2 ሚሊዮን ገደማ በመሆኑ ቁጥሩ ቀላል አይደለም።

በውሃ የሚሄድ መኪና

«የኤሌክትሪክ መኪናም እኮ ኤሌክትሪኩን ለማመንጨት የድንጋይ ከሰል ይቃጠላል» የሚል ክርክር ትሰማላችሁ። ለብዙ አገሮች እውነት አለው። ለእኛ ግን አይሠራም። ኢትዮጵያ ከምታመነጨው ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ከውሃ ነው። ግልገል ጊቤ 3 ብቻውን 1,870 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። በጳጉሜን 2017 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት ነው። ከዚያ ላይ የአዳማና የአሸጎዳ ነፋስ አለ። እዚህ አገር መኪና ሶኬት ላይ ስትሰካ የምትሰካው ወንዝ ላይ ነው።

ጥቅሙ ምን ያህል እንደሆነ በቀላል ሂሳብ እንየው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 2.3 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር የሚጠጣ መኪና በዓመት 12 ሺህ ኪሎ ሜትር ቢሄድ 960 ሊትር ያቃጥላል። 2.2 ቶን ገደማ በካይ ጋዝ ማለት ነው። በሌላ በኩል የኤሌክትሪኩ መኪና ከፋብሪካ ሲወጣ ዕዳ ይዞ ነው የሚወጣው። ባትሪውን ለመሥራት ብዙ ጉልበት ይፈጃል። 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ሲሠራ ከ3 እስከ 5 ቶን ጋዝ ይለቀቃል ብለን እንያዝ። የኛ ኤሌክትሪክ ከውሃ ስለሆነ መኪናው በአንድ ዓመት ከአራት ወርና በሁለት ዓመት ከሩብ መካከል ዕዳውን ይከፍላል። ከዚያ በኋላ የሚሄደው እያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ትርፍ ነው። ኤሌክትሪኩ ከከሰል በሚመጣበት አገር ይኸው ዕዳ ብዙ ዓመት ይጎተታል።

ሌላው የሞተሩ ጠባይ ነው። የቤንዚን ሞተር ከሚያቃጥለው ነዳጅ ጉልበት ጎማው ዘንድ የሚደርሰው ከ20 እስከ 30 በመቶ ያህሉ ነው። የቀረው ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። የመቶ ብር ቤንዚን ስትቀዳ 70 ብሩን ራዲያተር ለማሞቅ ከፈልክ ማለት ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር ከተቀበለው ጉልበት 80 በመቶና ከዚያ በላይ የሚሆነውን ጎማው ላይ ያደርሳል። ፍሬን ስትይዝ ደግሞ የተወሰነውን መልሶ ባትሪው ውስጥ ያስገባል።

ብዙ የማይወራለት ደግሞ ከፍታችን ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ (አየር አጭቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው የቤንዚን ሞተር ለማቃጠል የሚያገኘው ኦክስጅን ስለሚያንስ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ያረጀ የናፍጣ ሞተር ነዳጁን በወጉ ሳይጨርስ ጥቀርሻውን ይተፋል። እንጦጦን ሲወጣ ወገቡን ይዞ የሚያቃስት አይሱዙ ያላየ ማን አለ? የኤሌክትሪክ ሞተር ኦክስጅን አይፈልግም። ለሱ እንጦጦም አዋሽም አንድ ነው። አገሩ ራሱ ለኤሌክትሪክ መኪና የተሠራ ይመስለኛል። ሽቅቡን ያለ ጭስ ይወጣል፣ ቁልቁሉን ደግሞ እየሞላ ይወርዳል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ስትወርድ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁለት አለ። በናፍጣ መኪና ይህ ቁልቁለት ፍሬን የሚያቃጥል አደጋ ነው። በኤሌክትሪክ መኪና የባትሪው ፐርሰንት ሲጨምር እያየህ ትወርዳለህ። የደጀን ዳገት መልሶ ይበላዋል፤ ቢሆንም ደስ ይላል።

ውሃ ላይ መደገፍ የራሱ ስጋት አለው። ዝናብ ሲጠፋ ግድቡ ይጎድላል። ነፋሱንና ፀሐዩን ማብዛት ያለብን ለዚህ ነው። ከዚህ የሚብሰኝ ግን ሌላ ነው። ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ ዛሬም መብራት የለውም። እናቶች በኩበትና በእንጨት ጭስ ዓይናቸው እየጠፋ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ያለው ሰው በርካሽ ታሪፍ ቻርጅ ሲያደርግ ይህን ማስታወስ አለበት። ኤሌክትሪኩ የሁላችንም ነው። ግድቡ ከእረኛው እስከ ጡረተኛው ቦንድ ገዝቶ የሠራው ነው። መኪና ውስጥ የሚገባው ኤሌክትሪክ ብዙ ሰው ቢያጓጉዝ ፍትሐዊ ይሆናል። አንድ ሰው ብቻ ቢያጓጉዝ ግን ያሳስበኛል።

ሶኬቱ የት ነው?

እኔ የምኖረው ኮንዶሚኒየም ነው። አንድ ጎረቤታችን ባለፈው ዓመት የኤሌክትሪክ መኪና ገዛ። ማታ ማታ ከሦስተኛ ፎቅ በረንዳው ኤክስቴንሽን ገመድ ያወርዳል። ዝናብ ሲመጣ ማያያዣውን በፌስታል ይጠቀልለዋል። ልጆች በሥሩ ኳስ ይጫወታሉ። ባየሁት ቁጥር ልቤ ይርዳል። ሰውዬው ግን ምን ያድርግ? ሕንጻው የተሠራው ለምጣድና ለቴሌቪዥን ነው። የቆጣሪው አቅም ከዚያ አያልፍም። ኮሚቴው ስለዚህ ጉዳይ ሦስት ጊዜ ተሰብስቦ ሦስት ጊዜ ሳይስማማ ተበትኗል። ግቢ ውስጥ የጋራ ሦስት ፌዝ መስመር (ከተራው የቤት መስመር የበለጠ ኃይል የሚሸከም) ገብቶ እያንዳንዱ በተጠቀመው ልክ የሚከፍልበት አሠራር ቢኖር ነገሩ ያልቅ ነበር።

የራሱ ግቢ ያለው ሰው ይህ ችግር የለበትም። መብራት የሄደ ቀን ይጨነቅ ይሆናል፣ በማግስቱ ግን ይሰካል። የፈጣን ቻርጅ ጣቢያዎች ከተማው ውስጥ መከፈት ጀምረዋል። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም ቦሌ ላይ የከፈተው አንዱ ነው። ከአዲስ አበባ ስትወጣ ግን ነገሩ ይሳሳል። ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነች በአንድ ሙሌት ትደርሳለህ። ባሕር ዳርና ጅግጅጋ ግን እቅድ ይፈልጋሉ። ሰው ለዓውደ ዓመት አገር ቤት ሲሄድ የቤንዚን መኪና የሚዋሰው ወዶ አይደለም።

ባትሪው ሲያረጅ

ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ የቪትዝ ወይም የኮሮላ ዕቃ ብትጠይቁ የማይገኝ ነገር የለም። አዲሱም አሮጌውም፣ ከአንድ ብሎን እስከ ሙሉ ሞተር ይገኛል። መካኒኩም በየሰፈሩ አለ። የመኪናውን ድምፅ ሰምቶ በሽታውን የሚናገር ባለሙያ ነው። ይህ ለ50 ዓመት የተገነባ እውቀት ነው። አዲሶቹ መኪኖች ይህን እውቀት ባዶ እጁን አስቀሩት። ድምፅ የለም፣ ዘይት የለም፣ ካንዴላ የለም። ያለው ሶፍትዌር ነው። ብዙዎቹ መኪኖች ለቻይና ገበያ የተሠሩ ስለሆኑ ስክሪናቸው ሳይቀር በቻይንኛ ነው የሚናገረው። ባትሪያቸው ደግሞ 400 ቮልት ገደማ ይይዛል። ያልሠለጠነ ሰው ቢነካው ይገድላል።

ይህን ሳስብ ወደ ራሴ የሚመጣው የአካባቢ ጥያቄ ነው። መኪና አካባቢን የማይጎዳው ሲጠገንና ዕድሜው ሲረዝም ነው። አንድ ትንሽ ሰርኪዩት ተበላሽቶ ሙሉ መኪና ለስድስት ወር ግቢ ውስጥ ከቆመ፣ ፋብሪካ ላይ የተለቀቀው ያ ሁሉ ጋዝ በከንቱ ነው የተለቀቀው። ሁለት ሺህ መካኒክ ማሠልጠን 20 ሺህ መኪና ከማስገባት ይቅደም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆቻችን ለዚህ ነው የተቋቋሙት።

ስለ ባትሪው የሚወራው ግማሹ ፍርሃት ነው። «በሦስት ዓመት ይሞታል» የሚሉ አሉ። ይህ ልክ አይደለም። አምራቾቹ አብዛኛውን ጊዜ ለ8 ዓመት ዋስትና ይሰጣሉ። ከዚያም በኋላ ባትሪው ድንገት አይሞትም፣ የሚይዘው መጠን ቀስ እያለ ይቀንሳል። 400 ኪሎ ሜትር ይወስድ የነበረው 300 ይወስዳል። ኮባልት ያለበትን ባትሪ በተመለከተ ግን የሚነሳው ወቀሳ እውነት ነው። ከዓለም ኮባልት 70 በመቶ ያህሉ የሚወጣው ከኮንጎ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ነው። ሕፃናት በእጃቸው ከሚቆፍሩባቸው ጉድጓዶች ጭምር ይወጣል። እዚህ ብዙ የምናያቸው የቻይናው ቢዋይዲ መኪኖች የሚጠቀሙት የሊቲየም፣ የብረትና የፎስፌት ባትሪ ኮባልትም ኒኬልም የለበትም። ክብደቱ ትንሽ ይበልጣል፣ ዕድሜው ግን ይረዝማል፣ በቀላሉም አይቀጣጠልም። መኪና የሚገዛ ሰው የባትሪውን ዓይነት ጠይቆ ቢገዛ ለኪሱም ለኅሊናውም ይበጃል። ሊቲየም በኛም ምድር አለ፣ ጉጂ ዞን ቀንጢቻ ውስጥ። ሲወጣ የአካባቢው ሰው ውሃና መሬት እንዳይበከል ከወዲሁ ሕግ ይበጅለት እላለሁ።

ያረጀው ባትሪ የት ይሄዳል? እኛ ዘንድ አሮጌ ዕቃ ሁሉ የሚሄድበት መንገድ አለው። «ቆራሌው!» እያለ የሚዞረው ልጅ ይገዛዋል፣ ምናለሽ ተራ ይደርሳል፣ እዚያ ይፈታል፣ ይቀጠቀጣል፣ ሌላ ነገር ይሆናል። ይህን ሥራ አከብራለሁ። ለጣሳና ለብረት ምርጥ አሠራር ነው። 300 ኪሎ የሚመዝን የሊቲየም ባትሪ በመዶሻ ሲመታ ግን ይፈነዳል፣ ጭሱም መርዝ ነው። የሚገርመው ባትሪው ለመኪና ባይሆን እንኳ ለቤት ገና ብዙ ዓመት ያገለግላል። ከፀሐይ ኃይል ጋር ተያይዞ ጤና ጣቢያ ሊያበራ ይችላል፣ የክሊኒክ ማቀዝቀዣ ሊያሠራ ይችላል። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ነገር ነው። መኪናውን ያስገባው ወይም የገጣጠመው ድርጅት ባትሪውን መልሶ የመቀበል ግዴታ ይኑርበት። ግዴታው ሊብሬው ላይ ይጻፍ። የመጀመሪያዎቹ መኪኖች ዋስትናቸው የሚያልቅበት ጊዜ ሩቅ አይደለም።

ሂሳቡ በወንበር ሲሰላ

አሁን ወደ መገናኛው ሰልፍ ልመለስ።

አንድ የቤት መኪና በቀን 30 ኪሎ ሜትር ይሄዳል እንበል። ጠዋት ቢሮ፣ ማታ ቤት። ቀሪውን ሰዓት ቆሞ ይውላል። በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር ቢጠጣ በቀን የሚያቃጥለው 2.4 ሊትር ነው። አንድ ሚኒባስ ታክሲ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽት 3 ሰዓት ሲመላለስ ይውላል። 150 ኪሎ ሜትር ቢሄድና በ100 ኪሎ ሜትር 12 ሊትር ናፍጣ ቢጠጣ በቀን 18 ሊትር ነው። በዓመት 300 ቀን ቢሠራ 5,400 ሊትር። ከ14 ቶን በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ማለት ነው። አንድ ሚኒባስ ወደ ኤሌክትሪክ ብንቀይር ሰባት የቤት መኪና የመቀየር ያህል ነዳጅ እናድናለን። በቀን በመቶ የሚቆጠር ሰው ያመላልሳልና ጥቅሙ በየሰው ሲከፋፈል ልዩነቱ ይበልጥ ይሰፋል። ጥቀርሻው ደግሞ የሚወጣው ሰው በተሰለፈበት ፌርማታ ላይ፣ ሕፃን ባዘለች እናት ፊት ነው።

ሌላም ነገር አለ። የኤሌክትሪክ መኪና ጭስ የለውም እንጂ መንገድ ይይዛል። የትራፊክ መጨናነቁ ቤንዚንና ኤሌክትሪክ አይለይም። ከባትሪው የተነሳ ስለሚከብድ ጎማው ቶሎ ያልቃል፣ ከጎማው የሚረግፈው ብናኝም ወደ ሳንባችንና ወደ ወንዛችን ይገባል። በአዲስ አበባ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በእግር ነው። ከዚያ ቀጥሎ ታክሲና አውቶቡስ ነው። የቤት መኪና ያለው ሰው ጥቂት ነው፣ መንገዱን ግን በብዛት የያዘው እሱ ነው። በ2011 ዓ.ም «መንገድ ለሰው» ተብሎ መንገዶች ለእግረኛ ሲከፈቱ ሕፃናት አስፋልት ላይ ሲሮጡ ያየሁትን ቀን አልረሳውም። ባለፉት ሁለት ዓመታት የተሠሩት ሰፋፊ የእግር መንገዶችና የብስክሌት መስመሮችም እንዲሁ ደስ ያሰኙኛል። ለቦታው ሲባል ከቤታቸው የተነሱ ሰዎች ሥራቸው ጋር ለመድረስ ሁለት ታክሲ መያዛቸው ግን ያሳዝነኛል። ሰውን ከሥራው ማራቅ ራሱ ጭስ ነው።

ንጹሕ የሕዝብ ትራንስፖርት ለኛ አዲስ ነገር አይደለም። መስከረም 2008 ዓ.ም ቀላል ባቡሩ ሥራ ሲጀምር በኤሌክትሪክ የሚሄድ፣ 34 ኪሎ ሜትር የሚሸፍን መስመር ነበረን። 475 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበታል። 41 ባቡር ነበረው። ዛሬ ብዙዎቹ መለዋወጫ አጥተው ቆመዋል። ይህ ሲታወሰኝ ያመኛል። አንድ ባቡር በአንድ ጊዜ ከ200 በላይ ሰው ይጭናል። ያንን ያህል ሰው በቤት መኪና ለመጫን፣ እንደ መገናኛው ቆጠራዬ ከሆነ፣ ከ150 በላይ መኪና ሊያስፈልግ ነው። ለመለዋወጫ የሚጠየቀው ዶላር ለአዳዲስ የቤት መኪና ማስገቢያ ከሚወጣው ጋር ቢነጻጸር እንዴት ነው? መጀመሪያ የገዛነውን ንጹሕ ትራንስፖርት ብናድነው ምናለ?

የኤሌክትሪክ ሚኒባሶችና አውቶቡሶች አገር ውስጥ እየተገጣጠሙ መንገድ ላይ መታየት ጀምረዋል። ቁጥራቸው ግን ከፍላጎቱ ጋር የሚገናኝ አይደለም። ለምን እንደሆነ ለማወቅ አንድ ምሽት ከቦሌ ሚካኤል ስመለስ ጋቢና ተቀምጬ ሹፌሩን ጠየቅኩት። 30 ዓመት ያልሞላው ልጅ ነው። መኪናው የሱ አይደለም። ለባለቤቱ በየቀኑ ገቢ ያደርጋል፣ የተረፈው የሱና የረዳቱ ነው።

«ጋሼ፣ ናፍጣው እኮ እኛን ነው የሚበላን» አለኝ። «ታሪፉ ሲጨመር ሰው ይሰድበናል። ናፍጣው ሲጨመር ማንም አይጠይቀንም።»

«ታዲያ ኤሌክትሪክ ቢሆን አይሻልህም?»

«ይሻለኛል እንጂ! ግን ባለቤቱ ምን ቸገረው? ናፍጣውን የምከፍለው እኔ ነኝ።»

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የገባኝ። መኪናውን የሚገዛው ሰው ነዳጁን አይከፍልም። ነዳጁን የሚከፍለው ሰው መኪናውን መግዛት አይችልም። የታክስና የቀረጥ ቅናሹ ገንዘብ ላለው ሰው ነው የሚሠራው። ለዚህ ልጅ የሚሠራው ብድር ነው። በየቀኑ ለናፍጣ የሚያወጣውን ያህል ለባንክ እየከፈለ መኪናውን የራሱ የሚያደርግበት ብድር። ባንክ መያዣ ቤት ይጠይቀዋል፣ እሱ ደግሞ ተከራይ ነው። መኪናውን ራሱን መያዣ አድርጎ፣ ታክሲዎቹ የተደራጁባቸውን ማኅበራት ዋስ አድርጎ የሚያበድር ቢገኝ ዕዳው ከናፍጣው በሚተርፈው ሊከፈል ይችላል።

ስልኬ ላይ ሂሳቡን ሠርቼ አሳየሁት። 150 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ሚኒባሱ 40 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። ማታ ለስድስት፣ ለሰባት ሰዓት ያህል ተሰክቶ ቢቆይ ይሞላል። ቀን ሥራ ማቆም አያስፈልገውም። መብራት ኃይልም ቢሆን ሌሊት ሁሉም ሲተኛ የሚተርፈው ኤሌክትሪክ አለው። ልጁ የትራፊክ መብራት ሲያስቆመው ስልኩን ተቀብሎ ደጋግሞ አየው።

«ጥሩ ነው ጋሼ። ግን ማታ የት ነው የምሰካው?»

መኪናውን የሚያሳድረው መንገድ ዳር ነው። ሃያ ሠላሳ ሚኒባስ ተደርድሮ የሚያድርበት ባዶ ቦታ ነው፣ አንድ ዘበኛ በካፖርት ተጠቅልሎ ይጠብቃቸዋል። እንዲህ ዓይነት ማደሪያ በየክፍለ ከተማው አለ። ባለቤቶቹ ለዘበኛው በየሌሊቱ ይከፍላሉ። ከተማው ቻርጅ ማድረጊያ ሲተክል ከሞልና ከሆቴል በር በፊት እዚያ ይትከል። አንድ ሦስት ፌዝ መስመር፣ አንድ ትራንስፎርመር፣ ከዝናብ የሚከልል የቆርቆሮ ጣሪያ ይበቃል። ዘበኛው እንደሆን ቀድሞውንም እዚያው ነው የሚያድረው።